የአምቡላንሳችሁን የኋላ በር የማልመልስበት ምክንያት

ቁጥር፦ የለውም፤ ጎሚስታ ቤት መዝገብ ቤት አይኖረውም
ቀን፦ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለቬልዶራ የመኪና ፋብሪካ የስትራቴጂ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በዐሥራ አምስት ቀን እንድንመልስ ስለታዘዝነው በር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረው ጤናዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና በየመንፈቁ ለሚለዋወጠው ስትራቴጂዎ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛን የጠየቁ እንደሆነ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት የተረፍነው ደኅና ነን።

እኔ ሙባረክ ሱልጣን እባላለሁ። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ ገሳይ ከተማ ላይ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ጎማ ስጠግን የኖርኩ ጎሚስታ ነኝ። ከዚህም ሌላ ከከተማዋና ከበላይዋ፣ ወደ ጉና ተራራ አፋፍ ካለው ቀበሌ የተውጣጣው የቃሬዛ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ክቡርነትዎ ባለፈው ሳምንት በላኩት ደብዳቤ «የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ ባይ ግለሰብ» ብለው የጠቀሱት እንግዲህ እኔኑ ነው፤ እንዲያው ስላስታወሱኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ደብዳቤዎን የተረጎመችልኝ ልጄ ፈሪዳ ናት። ፈሪዳ በላይኛው ቀበሌ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡርም ናት። እንደ ትርጉሟ ከሆነ «በንብረታችሁ ላይ በተፈጸመው ያልተፈቀደ የአካል መፍታት» እጅግ አዝናችኋል፤ የአምቡላንሱን የኋላ በር በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልመለስን ደግሞ ወደ ሕግ ትሄዳላችሁ። በሩን የፈታሁት እኔ ነኝ። በዐሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን ቁልፍ፣ ስድስት ደቂቃ እንኳ ባልሞላ ጊዜ። ወላሂ አልክድም። ለምን እንደፈታሁትና ለምን እንደማልመልሰው ግን ክቡርነትዎ ቢፈቅዱልኝ በተራ በተራ ላስረዳ፤ ባይፈቅዱልኝም አስረዳለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቃሬዛው። በእርስዎ አገር እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ስለማውቅ ማብራሪያ ስሰጥ እንዳይሰለቹኝ እለምናለሁ። ቃሬዛ ማለት ሁለት የወይራ አግዳሚ፣ መካከሉ ላይ የበሬ ቆዳ ጠፍር የተወጠረበት ነው፤ የታመመ ሰው ወይም ምጥ የጸናባት ሴት ተኝታበት በሰው ትከሻ ወደ ሐኪም ትወሰዳለች። ማኅበራችን ስድሳ አራት አባል ነበረው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መዝገብ። ጥሩንባ ሲነፋ ተረኞቹ ስምንት ሰዎች ሞፈራቸውን ጥለው ይመጣሉ፤ የቀሩት ደግሞ በየአቀበቱ ቆመው ይቀበላሉ፤ ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ከላይኛው ቀበሌ አስፋልት ይደርሳል። የቀረ ሰው አንድ ቁና ገብስ ይቀጣል። ሦስት ጊዜ የቀረ ግን ገብስ አይጠየቅም፤ እሱ ሲሞት ማን እንደሚሸከመው ከወዲሁ እንዲያስብበት ብቻ ይነገረዋል። ጸሐፊ ከሆንኩ ወዲህ ሦስተኛ ጊዜ የቀረ ሰው መዝግቤ አላውቅም። ጋዝ አይፈልግ፣ ባትሪ አይፈልግ፣ ከባሕር ማዶ ተቆጣጣሪ አይፈልግ፤ በእውነቱ እጅግ ኋላ ቀር ነበርን፤ ስለዚህም ይቅርታዎን እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥልጣኔ አመጣጥ። ባለፈው ሚያዝያ መልእክተኞችዎ አንዲት ነጭ አምቡላንስ በትልቅ የጭነት መኪና ጭነው ገሳይ ደረሱ። በሃይድሮጅን ጋዝ የምትሄድ፣ ድምፅ የሌላት፣ ጭስ የማታውቅ፣ ከኋላዋ ንጹሕ ውኃ ብቻ የሚንጠባጠብ ነበረች። ሴቶቻችን በዚያው ቀን «እፎይ» ብለው ስም አወጡላት። የመልእክተኞቹ አለቃ ገበያ መካከል ቆሞ በአስተርጓሚ እንደነገረን ፋብሪካችሁ በሁለት መንገድ መካከል ቆሞ ሲያመነታ ነበር፤ አንዱ ቤንዚንና ባትሪ አጣምሮ የሚሄደው ሃይብሪድ ነው፤ ሌላው ይኸው ሃይድሮጅን ነው። የትኛው እንደሚያዋጣ ለመወሰን ጋዟ በከፍታ ቦታ፣ አየሩ በሳሳበት መሞከር ነበረባት። ለዚህ ታላቅ ምርምር ከዓለም ተራሮች ሁሉ የእኛ ተራራ፣ ከዓለም ወላዶችም ሁሉ የእኛ ሴቶች ስለተመረጡ የተሰማንን ክብር በቃል ለመግለጽ ይቸግረኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስዎ። መልእክተኞችዎ ራሳቸው የመጡበት መኪና ሃይብሪድ ነበር። ጎማውን ነፋስ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ኮፈኑንም አስከፍቼ አይቻለሁ። ቤንዚን ሲያልቅ ባትሪው ያግዛል፤ ባትሪው ሲደክም ቤንዚኑ ይተካዋል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ባትሪው እየሞላ ይሄዳል። ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ለሆነ አገር ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? እናም እጄን አውጥቼ ሃይድሮጅኗ የት እንደምትሞላ ጠየቅሁ። ማደያው በሁለተኛው ምዕራፍ እንደሚሠራ፣ እስከዚያው ጋዙ በሲሊንደር ተጭኖ ከወደብ እንደሚመጣ ነገሩኝ። የማኅበራችን ሰብሳቢ አቶ ሙላቴ፣ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አባት፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው አጉረመረሙ፤ ለእንግዳ ክብር ሲሉ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ ጎሚስታው ይሉኝታ የለኝምና «እንግዲያው ይህችን ጭናችሁ ሂዱ፤ የመጣችሁበትን ተዉልን» አልኩ። አለቃው ፈገግ ብሎ «እሷማ ያለፈው ዘመን ናት» አለኝ። ከዚያም በዚያው ባለፈው ዘመን ተሳፍረው፣ አንድም ቦታ ሳይቆሙ፣ ለራት ደብረ ታቦር ገቡ።

ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ፤ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጡ ባለሙያዎች ብረት አቅልጠው መድፍ የሠሩበት ነው። እነዚያ በግድም ይሁን በውድ መድፉ ሳይወጣ አልሄዱም። የእናንተዎቹ ጨዋዎች ስለሆኑ ማንም አላስገደዳቸውም።

ሦስተኛ፣ ስለ ውሉ። የውሉ ሰባተኛ አንቀጽ «ጎን ለጎን የሚሠራ ሌላ የሕሙማን ማጓጓዣ የሙከራውን ውጤት ስለሚያዛባ» ማኅበራችን እንዲፈርስ ያዝዛል። እኛም ፈረምን፤ መጻፍ የማይችለው በጣቱ ፈረመ። በዚህ አንቀጽ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ጥፋትም ብቻ አይደል፣ ሌላ አገር የማይሠራ ሞኝነት ነው የሠራነው። ማኅበሩን በድግስ አፈረስነው! ከቅጣት የተጠራቀመውን ገብስ አውጥተን ጠላ ጠመቅንበት፤ ለእኛ ለሙስሊሞቹ በተለየ ጋን የማያሰክር ቀሪቦ ተዘጋጀ፤ ጥሩንባው ተሰቀለ፤ እኔም በገዛ እጄ መዝገቡ ላይ «ከእንግዲህ ትከሻችን ዐረፈ» ብዬ ጽፌ ዘጋሁት። ቃሬዛውን መልእክተኞችዎ ለመታሰቢያ ብለው ወሰዱት። ዛሬ በዋናው መሥሪያ ቤታችሁ አዳራሽ በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንዳለ፣ ከጎኑም የእፎይ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ በመካከላቸው ቀስት እንደተሣለ ፈሪዳ በስልኳ አሳይታኛለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ስለ እኛ ኖሯል። አቶ ሙላቴ ያንን ፎቶ ካዩ ወዲህ ገሳይ ገበያ አልወረዱም።

አራተኛ፣ ስለ ጥቅምት 12። ፍርድ ላለማጓደል ልናገር፤ እፎይ ስድስት ወር ሠርታለች። ዐሥራ ሰባት እናቶች አድርሳለች። ስለዚህ የማቀርበው ምስጋና ከአንጀቴ ነው፤ በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ መርዝ አይፈልጉ።

በጥቅምት መግቢያ ግን ክቡርነትዎ የተሰበሰቡበት ጉባኤ ሃይድሮጅን እንደማያዋጣ፣ የፋብሪካው ጉልበት በሙሉ ወደ ሃይብሪድ እንዲዞር ወሰነ። ያለፈው ዘመን በአንድ ጠዋት የወደፊቱ ሆነ ማለት ነው። የአክሲዮን ባለቤቶች ጥቅምት 4 ከቁርስ በፊት ሰሙ። እኛ በደብዳቤ የሰማነው ጥቅምት 23 ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል፣ ጥቅምት 12፣ የደረጄ ሚስት ብዙነሽ አማጠች።

ደረጄ የላይኛው ቀበሌ ገበሬ ነው፤ በስድስት ዓመት ትዳራቸው ይህ የመጀመሪያ ልጃቸው ነበር። ሾፌሩ ወርቁና የጤና ሠራተኛዋ ትዕግሥት ብዙነሽን አሳፍረው ወጡ፤ እኩል መንገድ ላይ ከብት መንገዱን ሲያቋርጥ ወርቁ ቆመ። ከብቱ አለፈ፤ እፎይ ግን አልነሣ አለች። የጋዝ ማጠራቀሚያዋ ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበር። መሪው አጠገብ ባለችው የጽሑፍ መስኮቷ ላይ ቃል ወጣ፤ ትዕግሥት አነበበችው፤ «የሙከራው ጊዜ ተጠናቋል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ይላል። ቀኑ ሲደርስ ከሩቅ ቆልፋችኋት ኖሯል።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ቤንዚን አጥቶ የቆመ መኪና አይቻለሁ፤ ባትሪው ሞቶ፣ ጎማው ፈንድቶ፣ ሾፌሩ ሰክሮ የቆመም አይቻለሁ። አመስግኖ የቆመ መኪና ያየሁት ግን በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ወርቁ ደወለልኝ። የመፍቻ ቦርሳዬን ይዤ በሞተር ብስክሌት እስከሚያስኬድ ሄጄ የቀረውን ሮጥኩ። ስደርስ ብዙነሽ የምትጮህበት ድምፅ አልቆባት ነበር፤ ደረጄ ደግሞ የመኪናዋን ጎን በቡጢ እየመታ «ተነሽ! ተነሽ በፈጠረሽ!» ይላታል፤ ከበሬ ጋር የኖረ ሰው ነውና ሌላ አያውቅም። ቃሬዛ የለ፣ ተረኛ የለ፣ ጥሩንባ የሚነፋ የለ። እሪ ብለን ጮኽን፤ ከአጨዳ የነበሩ ሰዎች ማጭዳቸውን እንደያዙ መጡ። ያኔ ነው የኋላ በራችሁን የፈታሁት። መስታወቱን አወጣሁ፤ ከሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ጋር በመጎተቻ ገመድ አሰርኩት፤ ፍራሽ አነጠፍንበትና ተሸከምናት።

ግን ማኅበር የለም። በየአቀበቱ ቆሞ የሚቀበል ሰው የለም። ድሮ በአንድ ሰዓት ተኩል የምንደርሰውን ያው ስምንት ሰው፣ እኔን የሃምሳ ስምንት ዓመቱን ሽማግሌ ጨምሮ፣ እያረፍን እያነሣን በሦስት ሰዓት ደረስን። ከገሳይ አንድ አይሱዙ አፈፍ አድርጎ ሆስፒታል አደረሳት። ብዙነሽ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ሐኪሙ ከአንድ ሰዓት በፊት ብትመጡ ኖሮ አለን። ወንድ ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ ደብዳቤዎ ውበት። አራት ገጽ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ሙከራው «በከፍታ ቦታ አጥጋቢ ውጤት አስመዝግቦ» መጠናቀቁን ያበሥራል፤ እንኳን ደስ አላችሁ። በሁለተኛው ስለ በሩ ይናገራል፤ ቀለሙን፣ ክብደቱንና ዐሥራ ሰባት አሃዝ ያለውን መለያ ቁጥሩን ሳይቀር ይዘረዝራል። ደረጄ ፈሪዳን ደጋግሞ አስነበባት፤ የልጁ ነገር ባንዱ ገጽ ላይ ይኖራል ብሎ ነው። የለም አለችው። አራቱንም ገጽ ገልብጦ ጀርባውን አየና ሄደ። ሦስተኛው ገጽ ደግሞ መኪናዋ ከነሙሉ ዕቃዋ እስክትረከቧት ሰባተኛው አንቀጽ ጸንቶ እንደሚቆይ፣ ስለዚህም ማኅበራችንን መልሰን ማቋቋማችን ውል ማፍረስ እንደሆነ ያስጠነቅቃል። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ይላል የአገሬ ሰው። ሰባተኛውን አንቀጽ በማግስቱ፣ ልጁን ቀብረን ስንመለስ፣ እዚያው መንገድ ላይ ቆመን አፍርሰነዋል። መዝገቡን ከፍቻለሁ፤ ዛሬ ሰባ አንድ ነን። ክሱን ሲያዘጋጁ ቁጥሩ እንዳይሳሳትብዎ ብዬ ነው።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ ስለ በሩ ራሱ። ሌላ ቃሬዛ ሠርታችሁ በሩን ለምን አትመልሱም እንደሚሉ አውቃለሁ። ጠፍሩ የሚወጣው ከበሬ ቆዳ ነው፤ ቀድሞ በሩ አለ ብለን አልቸኮልንም፤ አሁን ደግሞ የገና ጾም ገብቷል፤ እስከ ታኅሣሥ 29 በዚህ አገር በሬ የሚያርድ ክርስቲያን የለም። እኔ ሙስሊም ብሆንም ጎሚስታ ነኝና በሬ የለኝም። ከአሮጌ ካላማዳሪያ ጠፍር አውጥቼ ሞክሬዋለሁ፤ ጎማ ይለጠጣል፤ ሰው ሲተኛበት መሬት ይነካል። የእናንተ በር ግን እውነት ለመናገር ግሩም ነው፤ ቀላል ነው፣ አይጎብጥም፣ ዝናብ አያበሰብሰውም። ከእፎይ መላ አካል እንደታሰበለት የሚያገለግለው እሱ ብቻ ስለሆነ ለበሩ ሠራተኞች ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

የፈሪዳ ቀን ታኅሣሥ 20 አካባቢ ነው። ትዕግሥት መርምራት ጽንሱ ተገልብጧል፣ ሆስፒታል ካልሆነ እንዳይሞከር ብላለች። ወደ እኔ ወደ አስፋልቱ ውረጂ ብዬ ለመንኳት፤ ሦስት ክፍል ተማሪ በትኜ አልወርድም አለች፤ ግትርነቷ የእኔው ነው፤ ማንን እወቅሳለሁ? «በሩ አለ አይደል፣ አባዬ» አለችኝ። እኔ ያችን ሌሊት ተቀምጬ ነው ያነጋሁ። እናንተ የሰጣችሁን ቀን የሚያልቀው ኅዳር 28 ነው። ጾሙ የሚፈታው ታኅሣሥ 29 ነው። ልጄ መካከሉ ላይ ናት። ክቡር ሆይ፣ እፈራለሁ፤ በአደባባይ የምጽፈውም ስለምፈራ ነው። እንኳን አንድ ፋብሪካ፣ መንግሥት ተሰብስቦ ቢመጣ ፈሪዳ ወልዳ እስክትነሣ ድረስ ያንን በር ከሱቄ ግድግዳ የሚያነሣው ማኅበሩ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላም ሌላ የደረሰች ሴት ካለች አላነሣም። የቀረውን የእፎይን ገላ እንደቆመች ማንም አልነካባችሁም፤ መጥታችሁ ውሰዱ፤ በሃይብሪድ ኑ፤ ያዋጣል ተብሏል።

ክቡርነትዎ ያሉበት ሕንፃ ሊፍት ሳይቋረጥበት፣ የሚሄዱበት መንገድ ዳገት ሳይኖረው፣ የሚወዱት ሰውም ሲታመም የሰው ስትራቴጂ እስኪከለስ ሳይጠብቅ፣ ረጅምና ለስላሳ ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ወገባችን እስከሚፈቅድልን ድረስ ጎንበስ ብለን እጅ እንነሣለን።

ሙባረክ ሱልጣን
ጎሚስታ፤ ባለ ዐሥራ ሦስት ቁልፍ፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ ባይ ግለሰብ

ግልባጭ፦
ለሰባ አንዱ የማኅበር አባላት
ለአንቀጽ ሰባት አርቃቂ ጠበቆች
በመስታወት ሣጥን ውስጥ ላለው ቃሬዛችን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከደብዳቤዎ ጋር አያይዘው የላኩትን የተጠቃሚ እርካታ መጠይቅ ፈሪዳ ለብዙነሽ እያነበበችላት ሞልተነዋል። ስለ መቀመጫው ምቾት፣ ስለ መኪናዋ ጸጥታ፣ ስለ ሾፌሩ ትሕትና ብዙነሽ ሁሉንም «ጥሩ ነው» ብላለች፤ ሰው ማስከፋት አይሆንላትም። ባዶ የቀረው ዘጠነኛው ጥያቄ ብቻ ነው፤ «በጉዞው ላይ ስንት ሰው ነበራችሁ?» ይላል። «ስሄድ ሁለት ነበርን፤ ስመለስ ብቻዬን ነኝ» አለች። ሣጥኑ የሚይዘው አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ የትኛውን እንድንጽፍ ክቡርነትዎ እንዲወስኑልን በትሕትና እንጠይቃለን።